ሁለቱ ዲናሮች፤ የወንጌል አንድምታና የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ታሪክ

የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ታሪክ ሲወሳ ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» (1900 ዓ.ም.) መነሣት ተለምዷል። ይህ መነሻ ለልብ ወለድ ያገለግላል፤ ለዝርው ጽሑፍ በጠቅላላው ግን አይበቃም። ከዚያ አስቀድሞ የጎንደር ዘመን መምህራን የግዕዙን ወንጌል በአማርኛ የሚተረጉሙበት አንድምታ ነበርና።

አንድምታ በባሕርይው የጉባኤ ቤት ትምህርት ነው። መምህሩ የግዕዙን ንባብ በአማርኛ ይፈታል፤ ቀጥሎም ምሥጢሩን ያብራራል። አንዱ ሐተታ ሲያበቃ ሌላው «አንድም» ተብሎ ይከተላል። ደቀ መዝሙሩ ይህን በቃሉ ይዞ ለተከታዩ ያስተላልፋል። ትርጓሜው በማተሚያ ቤት የታተመው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው።

ለአብነት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ እንመልከት። በቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ የቆሰለው መንገደኛ አዳም፣ ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ አፈታት በ3ኛው መቶ ዓመት አርጌንስ ከአንድ ሽማግሌ የሰማው መሆኑን ገልጾ ካቆየው ጋር በአብዛኛው ይገጥማል። ልዩነቱ ከሁለቱ ዲናሮች ላይ ይታያል። አርጌንስ ባቆየው አፈታት የአብና የወልድ ዕውቀት ናቸው፤ ለአውግስጢኖስ ሁለቱ የፍቅር ትእዛዛት፣ ወይም የዚህና የሚመጣው ሕይወት ተስፋ ናቸው፤ በእኛ መምህራን ዘንድ ብሉይና ሐዲስ ይባላሉ።

እንግዲህ የአንድምታ ሐሳብ ሁሉ አገር በቀል ነው ማለት አይቻልም። ሮጀር ካውሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያ ትርጓሜ ከአንጾኪያ ትውፊት ጋር ያለውን ዝምድና አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1043 ያረፈው የኢብን አጥ ጠይብ ዐረብኛ የወንጌል ትርጓሜም ወደ ግዕዝ ተመልሶ ነበር። ይሁን እንጂ ሐሳብ መዋስ አንድ ነገር ነው፤ የተዋሱትን በራስ ቋንቋ አደራጅቶ ማስተማር ሌላ ነው። ሰምና ወርቅን ለይቶ ለሚያውቅ ተማሪ «አንድም» የቆየውን ፍች ሳይሽር አዲሱን ከጎኑ የሚያቆም የአማርኛ ሥልት ነው።

ሥልቱ ወሰን አለው። ፍቹ ቢበዛም ከሃይማኖቱ ድንጋጌ አይወጣም፤ የተነቀፈ ትምህርት ቢጠቀስ እንኳ መልስ እንዲሰጥበት ነው። በዚህ ወሰን ውስጥ ግን የላይ ቤትና የታች ቤት መምህራን ልዩነታቸውን ይዘው ኖረዋል።

አንድምታን ለነገረ መለኮት ብቻ የሚተው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ አማርኛ የምርምር ቋንቋ ሆኖ የሠራበትን ረጅም ዘመን ከታሪኩ ይቆርጣል። ዛሬ አንድ ግጥም ሁለት ፍች ሲያስነሣ «የቱ ትክክል ነው?» ብለን አንዱን ለመጣል ከመቸኮላችን በፊት፣ ሁለቱንም አቁሞ መመርመር በዚሁ ቋንቋ የቆየ ልማድ መሆኑን ማስታወስ ይገባናል።