ሳይሰጥ የቀረው የጠፈር ትምህርት
እስቲ ልጆችን ስለ ጠፈር አውሯቸው፤ ከሮኬቱ ሞተር በፊት የሚጠይቁት «የት ይተኛሉ? ምን ይበላሉ? ሽንት ቤትስ?» ብለው ነው። አሜሪካዊቷ መምህርት ክሪስታ ማኮሊፍ ከቻሌንጀር መንኩራኩር በቀጥታ ልትሰጥ ካሰናዳቻቸው ሁለት ትምህርቶች አንዱም ስለዚሁ የዕለት ኑሮ ነበር። ሳይሰጥ ቀረ። ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1986) ቻሌንጀር በተነሳች በ73 ሰከንድ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። ብዙ ተማሪዎች ክፍላቸው ተቀምጠው በቴሌቪዥን እያዩ ነበር።

የሟቾቹ ቤተሰቦች ለመታሰቢያ የመረጡት ሐውልት ሳይሆን ልጆች የሚማሩበት ማዕከል ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1988 ሂዩስተን ውስጥ ተከፈተ። ግማሹ ተማሪ መቆጣጠሪያ ክፍል ይቀመጣል፣ ግማሹ «መንኩራኩሩ» ውስጥ ይገባል፤ መሃል ላይ ይቀያየራሉ። ጉዞው ለምሳሌ ወደ ማርስ ነው እንበል። አንዱ ኦክስጅኑን ይከታተላል፣ ሌላዋ የጓደኞቿን ጤና፤ ከወዲያኛው ክፍል የሚመጣውን መልእክት የሚቀበልም አለ። ለእኔ ዋናው ሥራ የዚህ የመጨረሻው ልጅ ነው። ቻሌንጀር ከመነሳቷ በፊት በነበረው ምሽት እኮ መሐንዲሶች ብርዱ የሮኬቱን የጎማ ማሸጊያ እንዳያሰናክለው ሰግተው ጉዞው ይቆይ ብለው ነበር፤ ሰሚ አጡ እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ጆ አካባ እና ሪኪ አርኖልድ የተባሉ፣ ቀድሞ መምህራን የነበሩ ጠፈርተኞች፣ ማኮሊፍ ካቀደቻቸው ትምህርቶች የተወሰኑትን ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሆነው አስተማሩ።