ከገጽ ብዛት ባሻገር፦ የስፔየር ትምህርት ቤት ሙከራና የልዩ ክፍል መስፈርት



ዛሬ የማቀርብላችሁ የታሪክ ጉዳይ ከራሴ ስሕተት ይነሣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ብልጫ ያላቸውን ተማሪዎች መርጦ የሚያስተምር አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርት እንዲያዘጋጁለት ከጋበዛቸው መምህራን አንዱ ነበርሁ። የ12ኛ ክፍልን ሒሳብ ወደ 10ኛ አወረድነው፤ ገጾቹን ቈጠርን፤ «ከፍተኛ መስፈርት» ብለንም ፈረምን። ከዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱን ስጐበኝ አንድ ልጅ የካልኩለስ ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ያለ አንዳች ግድፈት ሠራ። «ያገኘኸው ቁጥር ስለ መስመሩ ምን ይነግረናል?» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፣ መምህር» አለኝ። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኛ የፈራሚዎቹ እንደ ነበር ወዲያው ገባኝ።

ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ ቢመስልም በሌላ አገር ቀደም ብሎ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1936 የኒው ዮርክ ከተማ የትምህርት ቦርድና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ በስፔየር ትምህርት ቤት የአምስት ዓመት ሙከራ ጀመሩ። በአንድ ጣሪያ ሥር ትምህርት ለሚከብዳቸው ልጆች ሰባት ክፍሎች፣ ፈጥነው ለሚማሩ ደግሞ ሁለት ክፍሎች ተደራጁ። የሁለቱን ክፍሎች ትምህርት የመራችው የሥነ ልቡና ምሁሯ ሌታ ሆሊንግወርዝ ነበረች።

ሆሊንግወርዝ የተነሣችው ከአንድ ትዝብት ነው። የማሰብ ችሎታ ልኬቱ 140 የሆነ ልጅ በመደበኛው ክፍል የጊዜውን ግማሽ፣ ከ170 በላይ የሆነው ደግሞ ከሞላ ጐደል ሁሉንም ያባክናል ትል ነበር። የተረፈውን ጊዜ በምን እንሙላው? ቀላሉ መልስ የሚቀጥለውን ክፍል መጽሐፍ አስቀድሞ መስጠት ነው። እርሷ ግን ይህን አልመረጠችም። የነገን ትምህርት ዛሬ የጨረሰ ልጅ ነገ ያንኑ ደግሞ ሲሰማ መሰልቸቱ አይቀርምና።

ስለዚህ ተማሪዎቹ መደበኛውን ትምህርት በግማሽ ቀን ያጠናቅቁ ነበር። የቀረው ጊዜ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ፣ ፈረንሳይኛ ቋንቋና «የዕለት ተዕለት ነገሮች አመጣጥ» የተሰኘውን ጥናት የሚማሩበት ሆነ። የጥናቱ ርእሶች ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያ፣ መጓጓዣ፣ መብራት፣ የጊዜ አቈጣጠር፣ ሕግና የመሳሰሉት ነበሩ። ለላቀ አእምሮ እነዚህ ተራ ርእሶች አይደሉምን? የሚል ይኖራል። ነገር ግን ከኩራዝ እስከ አምፑል ያለውን መንገድ በትክክል ለማስረዳት ኬሚስትሪን፣ ንግድንና የሠራተኛን ኑሮ ማወቅ ግድ ይላል። እንዲህ ያለውን ርእስ በቃል ሸምድዶ መወጣት አይቻልም። የትምህርት ጥብቅነት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ተማሪው የሚናገረውን ነገር ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ መልስ መስጠት መቻሉ።

ይሁንና ታሪክን ስንጠቅስ ጠቃሚውን ብቻ መርጠን አንለፍ። ሆሊንግወርዝ የአእምሮ ልህቀት በዋናነት በዘር የሚወረስ ነው ብላ ታምን ነበር፤ በዘመኗ ከተስፋፋው የዘር ማሻሻያ አስተሳሰብም ነጻ አልነበረችም። ልጆቹን የመረጠችበት መለኪያ ዛሬ በብዙ ወገን ይተቻል። እርሷም ሙከራው ሳያልቅ እ.ኤ.አ. በ1939 ዐረፈች። ከእርሷ የምንወርሰው የመምረጫ ሚዛኗን ሳይሆን ከምርጫው በኋላ ያነሣችውን ጥያቄ ነው፦ ይህ ልጅ አሁን ምን ይማር?

እኛም ብንሆን የልዩ ትምህርት ቤት ልምድ አለን። በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን ያስተምር ነበር። ዛሬም ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እየበዙ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ፣ ጥቂት ልጆችን መርጦ ለፈተና ማዘጋጀት እንደ መፍትሔ ሲወሰድ እሰማለሁ። ፈተናን ማለፍ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን የልዩ ክፍል መስፈርት ፈተናው ብቻ ከሆነ፣ ልጁን ከመንደሩና ከወላጆቹ የለየነው ሌላው የሚማረውን ፈጥኖ እንዲጨርስ ብቻ ይሆናል።

በመካከላችሁ ነገ ሥርዓተ ትምህርት የምታዘጋጁ አላችሁ። የልዩ ክፍል ሰነድ ሲቀርብላችሁ ከገጹ ብዛት በፊት ሦስት ነገር መርምሩ፤ ተማሪው «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ተመድቦለታልን? ያንን ጥያቄ የሚሸከም መምህር ተዘጋጅቷልን? በዚያ ክፍል የተገኘው መልካም ዘዴ ወደ መደበኛው ክፍል የሚሻገርበት መንገድ አለን?

እኔ የፈረምሁበት ሰነድ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። እንዲሻሻል በጽሑፍ ጠይቄአለሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ልጁ ግን በዚያው መጽሐፍ ተምሮ ጨርሷል።