ዳዊቱን ይዞ የወጣ ሰው፦ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብና ተቋምን የሚጠራጠር እምነት

በሰሜን አሜሪካ ካሉት አብያተ ክርስቲያኖቻችን በአንዱ ለብዙ ዓመታት አገልግያለሁ። አንድ እሑድ ማለዳ ለቅዳሴ ስንደርስ የበሩ ቁልፍ ተቀይሮ አገኘነው። ሌሊቱን አንደኛው ወገን ቀድሞ ገብቷል። ውስጥ ያሉት ኪዳን ሲያደርሱ ይሰማናል፤ ውጭ የቀረነው ነጠላችንን ተከናንበን በብርዱ ቆመን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ትንሽ ቆይቶ ፖሊስ መጣ። ጠባችንን በእንግሊዝኛ ያስረዳው የ13 ዓመት ዲያቆን ነበር፤ አፍሮ መሬት መሬት እያየ።

የጠቡ ሥር ከአጥቢያችን የራቀ ነው። በ1984 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ በሕይወት እያሉ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ከተሾሙ በኋላ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ሁለት ሆነ። በውጭ አገር ያለው ምእመን ደግሞ «የአገር ቤት»፣ «ስደተኛ» እና «ገለልተኛ» ተብሎ ሦስት ቦታ ተከፈለ። አባቶች እርስ በርሳቸው ተወጋገዙ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ እርቅ ወረደ፤ ውግዘቱም ተነሣ። ዜናውን ስሰማ ደስታዬ እውነተኛ ነበር፤ እንባዬም መጣ። በማግስቱ ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ እስከ ዛሬም አለቀቀኝም። በምድር ያሰሩት በሰማይ የታሰረ ነው ብለን አምነን ስንፈራው የኖርነው ውግዘት በእነዚያ 26 ዓመታት በሰማይ ጸንቶ ነበር ወይስ አልነበረም? ጸንቶ ከነበረ በፊርማ እንዴት ተነሣ? ካልነበረ፣ ወንድም በወንድሙ ቀብር ቆሞ እንዳያስቀድስ ያደረገው ፍርሃት የማን ነበር?

ይህን ስጠይቅ በእግዚአብሔር መኖር ላይ ጥርጣሬ አልገባኝም። ቁልፉ በተቀየረበት ቀን ማታም ዳዊቴን ደግሜ ነው የተኛሁት። የዚህ ጽሑፍ ርእስ ይኸው ነው፦ በአምላኩ ላይ ሳይጠራጠር በቤቱ ላይ የተጠራጠረ ሰው በእኛ የሐሳብ ታሪክ ውስጥ የት ቦታ አለው?

ቋንቋችን ራሱ ይህን ሰው ለመሰየም ይቸገራል። ሃይማኖት በግእዝ ማመን፣ እምነት ማለት ነው፤ የልብ ነገር ነው። በዛሬው አማርኛ ግን ልብንም፣ ሥርዓትንም፣ ድርጅትንም በአንድነት ተሸክሟል። ቅዳሴ መቅረት የጀመረ ሰው «ሃይማኖቱን ተወ» ይባላል፤ ማታ ማታ ስንት ጊዜ እንደሚሰግድ የሚጠይቀው የለም። ቤተ ክርስቲያን የሚለውም ቃል ሕንፃውን፣ ጉባኤውን፣ አስተዳደሩንና የማይታየውን የክርስቶስ አካል በአንድ ስም ይጠራል። ስለዚህ አንዱን የነካ ሁሉንም የነካ ይመስላል። በሂሳብ አያያዝ ላይ የቀረበ ጥያቄ በምሥጢረ ሥላሴ ላይ እንደቀረበ ሲቆጠር በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም በላይ የተናገረው ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ዘርዐ ያዕቆብ፣ በቅጽል ስሙ ወርቄ፣ በነሐሴ 1592 ዓ.ም. አክሱም አካባቢ ከአንድ ደኻ ገበሬ ተወለደ። ዜማ ተማረ፣ ቅኔ ተማረ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ፤ ከዚያም አክሱም ላይ ጉባኤ ዘርግቶ ማስተማር ጀመረ። ጊዜው የዐፄ ሱስንዮስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ በኋላም ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ ከፖርቱጋል መጥቶ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፣ የሰንበትና የግዝረት ልማድ እንዲቀር ማስገደድ ያዘ። አገሩ በደም ታጠበ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሁለቱም ወገን በአንድ ክርስቶስ ስም ይምል ነበር፤ የሞተውም ገበሬ ስለ ባሕርይ ክርክር ምን ያህል እንደሚያውቅ መገመት አያዳግትም።

ዘርዐ ያዕቆብን ለስደት ያበቃው ግን ክህደት አልነበረም፤ የማስተማር ስልቱ ነው። መጻሕፍትን ሲተረጉም ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብፃውያን እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ነበር፤ ይኼኛው እውነት ያኛው ሐሰት ብሎ አይፈርድም። በዚህ የተነሣ ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። የትርጓሜ ቤት ያለፈ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል። «አንድም» እያለ የፍችን መንገድ የሚደረድረው የጉባኤ ቤታችን ልማድ ከዚህ ምን ይለያል? የጉባኤ ቤቱ የታወቀ ስልት ከግቢው ውጭ ሲወጣ ወንጀል ሆነ። እኔ እንደማየው ዘርዐ ያዕቆብ ጥርጣሬን ከባዕድ አልተዋሰም፤ ቤቱ ያስተማረውን ስልት በራሱ በቤቱ ላይ አዞረው እንጂ። ተቋሙ ልጁን አስተምሮ ሲያበቃ በተማረው ፈራው።

ወልደ ዮሐንስ የሚባል ሰው ለንጉሡ ከሰሰው። እሱም ሌሊት ወጥቶ ሸሸ። ይዞት የወጣው ሁለት ነገር ነው፦ ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት። ወደ ሸዋ አቅጣጫ ሲጓዝ ተከዜ አካባቢ ዋሻ አገኘና ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠበት።

ብዙ ጊዜ ስለዚህ ዋሻ ሲጻፍ ከፈላስፋው ሬኔ ዴካርት ክፍል ጋር ይነጻጸራል፤ ሁለቱም በአንድ ዘመን ብቻቸውን ተቀምጠው ያሰቡ ሰዎች ናቸውና። ንጽጽሩ ለወርቄ ክብር የታሰበ ቢሆንም ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ወርቄ በዋሻው ብቻውን አልነበረም፤ ዳዊት አብሮት ነበር። ሐተታው የሚሄድበትን መንገድ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያገኛል። መጀመሪያ ይጸልያል። ሲጸልይ ሳለ «የምጸልየው ለማን ነው? የሚሰማኝስ አለ?» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። መልሱን ፍለጋ የሚነሣው ከዚያው ከመዝሙሩ፣ ስለ ጆሮ ፈጣሪ ከሚናገረው ቃል ነው። ከዚያ ወደ ራሱ ይመለሳል፦ እኔ ራሴን አልፈጠርኩም፤ አባቴና እናቴም ራሳቸውን አልፈጠሩም፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ሲሄድ ሳይፈጠር የፈጠረ ዘንድ መድረስ ግድ ይሆናል። እኔ የማሰብ ልቡና ካለኝ የሰጠኝ የሚያስብ ነው፤ የሚያስብ ከሆነም ይሰማል። ሲጨርስ ተመልሶ ይጸልያል። ጥያቄው በጸሎት ውስጥ ተወልዶ በጸሎት ውስጥ ያድራል።

ይህ የሚያስደንቅ መሆን አልነበረበትም። በቀድሞው ትምህርታችን ልጅ ንባብ የሚያጠናቅቀው በዳዊት ነው፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ለወላጆቹ ኩራት ነበር። ከ150ዎቹ መዝሙሮች ስንቶቹ አቤቱታ እንደሆኑ የሚያውቅ ያውቃል፦ ለምን ራቅህ፣ እስከ መቼ፣ ክፉዎች ለምን ይለመልማሉ። የሐበሻ ልጅ ሃይማኖቱን ከመመርመሩ አስቀድሞ አምላኩን መጠየቅን በቃሉ አጥንቷል። እግዚአብሔር ጥያቄውን እየሰማ ለሺህ ዓመታት ሲዘመርለት ኖሯል፤ ጥያቄ የማይችሉት ሹሞቹ ናቸው።

ዘርዐ ያዕቆብ ቀጥሎ የሚያነሣው ከዚህ ይከብዳል። ለእኔ ሃይማኖቴ እውነት እንደሚመስለኝ ለሌላውም የሱ እንዲሁ ይመስለዋል፤ ታዲያ በመካከላችን የሚዳኝ ማን ነው? ሰው ሁሉ በክርክሩ ከሳሽም ዳኛም ሆኗል። መልሱ ፈጣሪ ለሁሉ የሰጠው የልቡና ብርሃን ነው፤ በዚያ ተመርምሮ የፍጥረትን ሥርዓት የሚያፈርስ ሕግ ከእግዚአብሔር አይደለም። በዚህ ሚዛን ምንኩስናን፣ የኦሪትን አንዳንድ ሕግ፣ ከአንድ በላይ ማግባትን፣ ሰውን እንደ ከብት መሸጥን እየመዘነ ይጥላል። ስለ ምንኩስና የሚለውን አልቀበልም። ያወቅኋቸው መነኮሳት፣ አንዳንዶቹ በጣም ምስኪን ሰዎች፣ ሕይወታቸው ከሱ ሙግት ይልቅ አሳምኖኛል። ስለ ባርነት ያለው ግን በዘመኑ አገር ቤትም ሆነ ውጭ ከተጻፈው ብዙ ነገር ይልቃል።

ከሱ አስቀድሞ ሌላ መንገድ የሄዱ ነበሩ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከትግራይ የተነሡት አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቻቸው ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው በንጉሡ ፊት አንሰግድም አሉ፤ ከነገሥታትም ጉልት አንቀበልም፣ በእጃችን ሠርተን እንበላለን አሉ። ያሳደዷቸው ንጉሥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ የስሙ መገጣጠም ይገርማል። እኒህ ንጉሥ የዘመናቸው ታላቅ የሃይማኖት ደራሲና ሥርዓት ሠሪ ነበሩ። አባ እስጢፋኖስ ተገርፈው በእስር ሞቱ፤ ከደቀ መዛሙርታቸውም ብዙዎች አካላቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው ሲያሳትሙ «በሕግ አምላክ» ብለው ሰየሙት፤ መንገደኛ መንገደኛን፣ ደካማ ጉልበተኛን የሚያስቆምበትን ቃል። ደቂቀ እስጢፋኖስ ከቤተ ክርስቲያን አልወጡም። እኛ ነን ቤተ ክርስቲያን ብለው ጸኑ። ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዶም በብራና መጻሕፍቱ ታላቅ ሆኖ ቆየ።

ለእኔ የሚከብደኝ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ነው። እስጢፋኖሳውያን የልባቸውን በአደባባይ ተናግረው በአካላቸው ከፈሉ። ወርቄ አልተናገረም። ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ላይ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ ልጆቹን አስተማረ፤ የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን አገባ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ እንደ አገልጋይ ሳይሆን እንደ አቻው ያዛት። ለጎረቤቱ ግን ክርስቲያን መስሎ ኖረ። ይህን አይደብቀንም። ያልሆንሁትን መስዬ መታየቴ በእግዚአብሔር ዘንድ ኃጢአት ይሆን እያለ ራሱን ይመረምራል፤ እውነቱን ብነግራቸው ከመስማት ይልቅ ያሳድዱኛል ብሎም ራሱን ያጽናናል። በመጽሐፉ ሁሉ ሙግቱ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ውሸትን ከፈጣሪ የራቀ ያለ ሰው ለራሱ ሲሆን ሰበብ ይፈልጋል። ነገር ግን ከሌላው ገጽ ሁሉ የማምነው ይህንን ነው፤ እኔም ያለሁት እዚያው ነውና። ውግዘቱን በተመለከተ ያለኝን ጥያቄ ለአንድም ካህን አቅርቤ አላውቅም። አባቴ ይሙት፣ ፈርቼ ነው።

ደራሲው ማን ነው የሚለውም ክርክር ከዚሁ ይያያዛል። ሐተታው ወደ አውሮፓ የደረሰው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ለፈረንሳዊው አሳሽ ለአንቷን ዳባዲ በላካቸው ጽሑፎች ነው፤ ዛሬ ፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው አለ፤ ኦይገን ሚትቮኽም በ1934 ደገፈው። አለማየሁ ሞገስና ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን አጥብቀው ተሟገቱ። በቅርቡ አናይስ ዊዮን ጥያቄውን እንደ ገና ከፍታዋለች። እኔ ከግእዙ ቅኔያዊነትና ዳዊቱ ከሐሳቡ ጋር ካለው መዋሐድ ተነሥቼ ወደ ሁለተኛው ወገን አዘነብላለሁ። ነገር ግን ጁስቶ ነው ቢባል እንኳ ምን አገኘን? በገዛ ቤቱ ላይ የተጠራጠረ መነኩሴ፣ በራሱ ቋንቋ ለራሱ አለቆች መናገር ስላልቻለ የሌላ አገር ሰው ስም ለብሶ በግእዝ የጸለየ ማለት ነው። ያም ሰው ዋሻ ውስጥ ነበር።

ዝምታው እንዴት እንደተሰበረ ግን መጽሐፉ ይነግረናል። ወርቄ ሐተታውን የጻፈው በ68 ዓመቱ ነው፤ የጻፈውም ተማሪው ወልደ ሕይወት፣ የሀብቱ ልጅ፣ ደጋግሞ ስለለመነው ነው። ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ኖሮ በ93 ዓመቱ ማረፉን የጨመረው ይኸው ተማሪ ነው። ከዋሻው እስከ ብዕሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሐሳቡ በልቡ ኖረ፤ የወጣው የሚወደው ልጅ ሲጠይቀው ነው።

ከእርቁ ወዲህ ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን ተመልሻለሁ። ከበሩ አጠገብ ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ ስም እየተጠራ ምስጋናና ማስታወቂያ ሲጀመር ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ። ባለፈው ጾመ ፍልሰታ ልጄ ተከትላኝ ወጣችና መስኮቱን አንኳኳች። ከፈትኩላት። «አባዬ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትወጣው?» አለችኝ። ዳዊቱን ከጭኔ ላይ አንሥቼ ከጎኔ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቅሁላት።