ግልባጭ ሮኬት እንደ ታሪክ ምንጭ፦ የአስትሮን ስካውት ምስክርነት



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት የወረቀትና የእንጨት ሮኬት ነው። ርዝመቷ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ስሟም አስትሮን ስካውት ይባላል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የተመሠረተው የኤስተስ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረባት የመጀመሪያዋ ተገጣጣሚ ሞዴል ሮኬት ነች። ያ ቀዳሚ ምርት ከገበያ ከወጣ ረጅም ዘመን ሆኖታል። እኔም ለጥናት በአሜሪካ በቆየሁበት ጊዜ፣ ከቀድሞው የአገጣጠም መመሪያ ተነሥቼ ግልባጯን ሠርቻለሁ፤ አስወንጭፌአለሁም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ላስረዳ የምፈልገው ነጥብ አንድ ነው። ያለፈ ዘመን ዕቃን መልሶ መሥራት፣ በሰነድ ላይ ያልሰፈረ እውቀትን ሊገልጥ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን በዕቃው ውስጥ ሊቀዳ የሚችለውን ከማይቀዳው ለይተን ስናውቅ ነው።

በቅድሚያ የሮኬቷን ዘመን እንመልከት። ብዙ ጊዜ ሞዴል ሮኬት የስፑትኒክ ልጅ ነው ሲባል እንሰማለን። ሶቪየት ኅብረት ጥቅምት 4 ቀን 1957 የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ባመጠቀች ጊዜ የአሜሪካ ወጣቶች በሮኬት ፍቅር መነደፋቸው እውነት ነው። ይሁንና ሐሳቡ ከዚያ ይቀድማል። በነብራስካ ግዛት፣ በኖርፎክ ከተማ የጫማ ነጋዴ የነበረው ኦርቪል ካርላይል ርችት መሥራት የሚወድ ሰው ነበር። በ1954፣ የሞዴል አውሮፕላን አፍቃሪ ከነበረው ከወንድሙ ከሮበርት ጋር፣ በተለዋጭ የባሩድ ሞተር ወደ ሰማይ ወጥታ በጃንጥላ የምትመለስ ትንሽ ሮኬት ሠራ። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱንም በ1958 አገኘ።

በኒው ሜክሲኮ በሚገኘው የዋይት ሳንድስ የሮኬት መፈተኛ ሥፍራ የሠራው ጂ. ሃሪ ስታይን በ1957 ስለ ሮኬት ሥራ ደኅንነት ለሕዝብ መጽሔት ጽፎ ነበር። ካርላይል ጽሑፉን አንብቦ ደብዳቤ ላከለት፤ ሮኬቶቹንም እንዲያያቸው አደረገ። ስታይን የተመለከተው ከአሻንጉሊት በላይ የሆነ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ታዳጊዎች በየቤታቸው ምድር ቤት ነዳጅ እየቀመሙ፣ በብረት ቱቦ እየጠቀጠቁ ይሞክሩ ነበር፤ በዚህም ጣታቸውን፣ ዓይናቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን አጥተዋል። የካርላይል ሐሳብ ለዚህ መልስ የሚሆን መስሎ ታየው፦ አካሉ ወረቀትና ቀላል እንጨት ይሁን፤ ባሩዱን ግን ባለሙያ በፋብሪካ ያዘጋጀው።

ስታይን በዴንቨር ኩባንያ አቋቋመ፤ ይሁን እንጂ በቂ ሞተር የሚያቀርብለት አልነበረም። ይህን ችግር የፈታው ቨርን ኤስተስ ነው። «ሜብል» ብሎ የሰየማት፣ በታመቀ አየር የምትሠራ ማሽኑ በ5.5 ሴኮንድ አንድ ሞተር ታወጣ ነበር። የስታይን ኩባንያ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ፤ ኤስተስ ግን ሥራውን በ1961 ወደ ፔንሮዝ ከተማ አዛውሮ፣ ከሞተሩ በተጨማሪ ሮኬቱንም መሸጥ ቀጠለ። የአስትሮን ስካውት መነሻ ይህ ነው።

አሁን ወደ ግልባጩ እንምጣ። ከመካከላችሁ የብራና ጽሑፎችን የምታጠኑ እንደምታውቁት፣ ቁም ጸሐፊ ቃሉን በጥንቃቄ ሊገለብጥ ይችላል፤ የብራናው ስፌትና የቀለሙ ውሕደት ግን በቃሉ ውስጥ አይገኙም። የሮኬቷ መመሪያም እንዲሁ ነው። የክንፎቿን ቅርጽ፣ የቱቦዋን ርዝመት፣ የሥራውን ቅደም ተከተል ይነግረናል። እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ብዙም አያብራራም፤ ገዢው ክፍሎቹን ከነጥቅሉ ስለሚያገኝ ማብራሪያው አላስፈለገም።

ይህች ሮኬት ጃንጥላ የላትም። የሞተሩ ነዳጅ ነዶ ካለቀና ጥቂት ሴኮንድ ካለፈ በኋላ፣ በሞተሩ የላይኛው ጫፍ ያለው ትንሽ የባሩድ መጠን ይፈነዳል። በሌሎች ሮኬቶች ይህ ኃይል አፍንጫውን ገፍቶ ጃንጥላውን ያወጣል። በስካውት ግን ባዶውን የሞተር ቀፎ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቀፎውም በሽቦ ተይዞ ከጅራቷ ይንጠለጠላል። በዚህ ጊዜ የሮኬቷ የክብደት ማዕከል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቀጥ ብላ መብረር ያቅታትና እየተገለባበጠች፣ ፍጥነቷን አጥታ ታርፋለች።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው፤ በውስጡ ግን ጥብቅ ሚዛን አለ። አንድ ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚወጣው የክብደት ማዕከሉ ከአየር ግፊት ማዕከሉ ፊት ሲቀድም ነው። ስካውት ስትወጣ ይህን ሕግ መጠበቅ፣ ስትወርድ ደግሞ ማፍረስ አለባት፤ ይህንንም የምታደርገው በጥቂት ግራም ቀፎ መንሸራተት ብቻ ነው። ስለዚህ የአፍንጫዋ ክብደት የውበት ጉዳይ አይደለም። ይህን ለመመርመር ሁለት ግልባጭ ሠራሁ። የአንዷን አፍንጫ እንደ ጥንቱ ከባልሳ እንጨት ቀረጽሁ፤ በሌላዋ ላይ ከበድ ያለ የፕላስቲክ አፍንጫ አደረግሁ። የተቃጠለ ቀፎ ወደ ኋላ አንሸራትቼ፣ እያንዳንዷን በክብደት ማዕከሏ ላይ በክር አስሬ በዙሪያዬ አዞርኋት። ባለ ባልሳዋ ተገለባበጠች። ባለ ፕላስቲኳ ግን አፍንጫዋን ወደ ፊት ቀስራ ዞረች። ይህችኛዋ ብትወነጨፍ ኖሮ እንደ ቀስት ወደ መሬት በተምዘገዘገች ነበር፤ ስለዚህ አልተወነጨፈችም። በመልክ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። የመጀመሪያዋ የስካውት ግልባጭ ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ግን የስካውትን መልክ ብቻ የያዘች ሌላ ዕቃ ነች። ባልሳው የሚነበብ ሰነድ መሆኑን የተረዳሁት ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ዘመኑ ሳይንስ ነው። ዛሬ የግፊት ማዕከልን የምናሰላው የናሳ መሐንዲስ የነበረው ጄምስ ባሮማን በ1966 ለሞዴል ሮኬት ሠሪዎች ባቀረበው ቀመር ነው። ስካውት ከዚያ ትቀድማለች። በእርሷ ዘመን የነበረው ዘዴ የሮኬቱን ጥላ ቅርጽ ከካርቶን ቆርጦ፣ ካርቶኑ ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ መፈለግ ነበር። ሁለቱንም ሞከርኋቸው፤ በካርቶን የተገኘው ነጥብ በቀመር ከተገኘው ይልቅ ወደ አፍንጫው የቀረበ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካርቶኑ ነፋሱ ሮኬቱን ሙሉ በሙሉ ከጎን እንደሚመታው አድርጎ ይቈጥራል፤ በእውነተኛ በረራ ግን ሮኬቱ ከነፋሱ የሚያዘነብለው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ የካርቶኑ ዘዴ ሠሪውን ከሚያስፈልገው በላይ ጠንቃቃ ያደርገዋል። የዚያን ዘመን ሮኬቶች ክንፍ ሰፊ ሆኖ ስናገኘው፣ ከዘመኑ ውበት በተጨማሪ የዘመኑን የእውቀት ወሰንም እያየን ሊሆን ይችላል። በዛሬ ቀመር ብቻ የሚመዝናቸው ተመራማሪ ግን ጥንቃቄውን እንደ ጉድለት ሊያነበው ይችላል።

ሦስተኛው ሞተሩ ነው። በጥንቱ ሞተር ላይ የታተመው ቁጥር የግፊት ኃይልን የሚገልጸው በፓውንድ ነበር፤ በኋላ በኒውተን ተተካ። ዛሬ ኤ8-3 የሚል ሞተር ስናይ፣ ፊደሉ ጠቅላላ ኃይሉ ከ2.5 ኒውተን-ሴኮንድ እንደማይበልጥ፣ 8 አማካይ የግፊት ኃይሉን በኒውተን፣ 3 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፍንዳታው የሚዘገይበትን ሴኮንድ ያመለክታል። የጥንቱን መመሪያ በዛሬው መለኪያ ሳያመዛዝን የሚያነብ ሰው ምንጩን ያለ ትችት እንደሚጠቅስ ታሪክ ጸሐፊ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል፦ ግልባጩ ፍጹም እንዲሆን ሞተሩም እንደ ጥንቱ ሊሠራ አይገባምን? መልሴ አይገባም ነው፤ ምክንያቴም የታሪክ ምክንያት ነው። ይህች ሮኬት የተፈጠረችው ወጣቱ ባሩድ እንዳይነካ ነው። ሞተሩን በእጁ የሠራ ሰው ለስካውት ታማኝ አልሆነም፤ ስካውት ልታስቀረው ወደ መጣችው ወደዚያ ምድር ቤት ተመልሷል። ስለዚህ በፋብሪካ የተመረተውን ትንሹን ግማሽ ኤ ሞተር ገዛሁ። ከዋናው ዕቃ ያልገለበጥሁት ክፍል፣ ለዋናው ሐሳብ ይበልጥ የታመንሁበት ክፍል ነው።

በረራው አጭር ነበር። ለዚህ በተፈቀደ ሜዳ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ሮኬቷን በቀጭን የብረት ዘንግ ላይ አቆምኋት። የደኅንነት ደንቡ ለዚህ ዓይነት ሞተር ቢያንስ 5 ሜትር ያህል መራቅን ያዝዛል፤ እኔም ርቀቱን ጠብቄ በኤሌክትሪክ ለኮስኋት። ዓይን ሊከተላት በማይችል ፍጥነት ወጣች። ከዚያ ትንሽ ጭስ ታየ፤ ሮኬቷም እየተገለባበጠች ወርዳ በሣሩ ላይ አረፈች። ከክንፎቿ አንዱም አልተሰበረም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህች ትንሽ ዕቃ ለሙያችን የሚተርፍ ነገር አለ። የመጠቁት ታላላቅ መንኮራኩሮች ታሪክ በቤተ መዛግብት ተከማችቷል። ሚሊዮኖች በእጃቸው የሠሯቸው ትናንሽ ዕቃዎች ግን ይሰበራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይረሳሉ። በእነርሱ ውስጥ የነበረው ጥንቃቄ፣ አንድ ትውልድ ልጆቹን ከእሳት ለመጠበቅ ያሰበው ሐሳብ፣ በእንጨቱ ክብደትና በሽቦው መታጠፍ ተጽፏል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ብርጭቆ ወረቀት፣ ክርና ሚዛን ይዞ፣ ከዚያም ያገኘውን እንደ ማንኛውም ምንጭ መርምሮ መመስከር ያስፈልጋል።