የመጸዳጃ ቤት በር ስንት ሴንቲሜትር ነው?

በዊልቸር የሚንቀሳቀስ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ቢሮ ውስጥ ቡና ሲፈላ ሁሌም «እኔ ይቅርብኝ» ይላል። መጀመሪያ ቡና የማይወድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው፤ ለካ ጠዋት ከቤቱ ከወጣ ማታ እስኪመለስ ውሃም አይጠጣም። ሕንፃችን ላይ የዊልቸር ምልክት የተለጠፈበት መጸዳጃ ቤት አለ። ግን ሁሌም ቁልፍ ነው፤ ውስጡ መጥረጊያ፣ ባልዲና የተሰበረ ወንበር ተከማችቶበታል። አንድ ቀን ተከፍቶ አየነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዊልቸሩ ከገባ በሩ አይዘጋም።

ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በእኛ ሥራ አንድ ነገር ለአንዱ ሰው ሠርቶ ለሌላው እምቢ ሲል፣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ሲሠራ ማን ታስቦ ነው?» የሚል ነው። ያንን በር ካየሁ በኋላ ይኸው ጥያቄ አልለቀኝም። የአካል ጉዳተኛ መጸዳጃ ቤትን ልክ ማን አወጣው? የማንን ሰውነትስ ለክቶ ነው?

የዘመናዊው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን፣ ጆርጅ ጄኒንግስ የተባለ የቧንቧ ሥራ ባለሙያ በውሃ የሚለቀቁ መጸዳጃ ቤቶችን ተከለ። 827,280 ሰዎች አንድ አንድ ፔኒ ከፍለው እንደተጠቀሙ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ በከተማው የተሠሩት ግን በብዛት ለወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ ከቤት ስትወጣ የመንገዷን ርቀት የምታሰላው ሽንቷን መያዝ በምትችልበት ሰዓት ነበር። ባልደረባዬ ዛሬ የሚያሰላው ስሌት ማለት ነው። ብዙዎቹ መጸዳጃ ቤቶች ደግሞ ከመሬት በታች ስለነበሩ በደረጃ ነበር የሚወረደው። ደረጃ መውረድ የማይችል ሰው ጭራሽ አልታሰበም።

እሱን ለማሰብ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮች ዩኒቨርሲቲ መማር ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1948 ቲሞቲ ኑጀንት፣ እሱም የጦርነቱ ዘማች ነበር፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጌልስበርግ ቅርንጫፍ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ፕሮግራም ጀመረ። በዓመቱ ቅርንጫፉ ሊዘጋ ሆነ። ተማሪዎቹ ተቃውሞ አሰሙ፤ በመጨረሻም ፕሮግራሙ ለሙከራ ተብሎ ወደ ዋናው ግቢ ተዛወረ። ኑጀንትና ባልደረቦቹ እዚያ የትኛው ቁመት፣ የትኛው ተዳፋት፣ የትኛው በር ለተማሪዎቹ እንደሚሠራ ሲሞክሩና ሲለኩ ቆዩ።

ከዚህ ሥራ የወጣው የመጀመሪያው የአሜሪካ ደረጃ፣ ኤ117.1፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ታተመ። ስድስት ገጽ ብቻ ናት። ስለ መጸዳጃ ክፍል የምትለው ቁርጥ ያለ ነው፤ ስፋቱ 91 ሴንቲሜትር፣ የበሩ ስፋት 81 ሴንቲሜትር፣ በግራና በቀኝ የእጅ መያዣ ብረት፣ የመቀመጫው ቁመት 51 ሴንቲሜትር። በሩም ወደ ውጭ ይከፈት ይላል። አዎ፣ ወደ ውጭ። የእኛ ሕንፃ የሳተው ነገር ከ60 ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር።

ሆኖም ይህ ልክ የሚስማማው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ሁለት ብርቱ ክንድ ላለው፣ ብረቶቹን ይዞ ከዊልቸሩ ወደ ፊት ራሱን መሳብ ለሚችል። 91 ሴንቲሜትር ውስጥ ዊልቸሩን ጎን ለጎን አቁሞ መሻገር አይቻልም። ረዳትም አያስገባም።

ይህንን ጉድለት ካዩት አንዱ እንግሊዛዊው አርክቴክት ሰልዊን ጎልድስሚዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956፣ ትምህርቱን እንደጨረሰ፣ ፖሊዮ ያዘው። በ1963 ለአካል ጉዳተኞች ስለሚሆን የሕንፃ ንድፍ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ግን በዚያ አልረካም፤ ኖርዊች ወደምትባል ከተማ ሄዶ 284 የዊልቸር ተጠቃሚዎችን አነጋገረ። ጎልተው ከወጡት ችግሮች አንዱ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነበር። ሌላም ነገር ገባው። ብዙ ሰው ከቤት የሚወጣው ከባሉ ወይም ከሚስቱ ጋር ነው፤ «የወንዶች» እና «የሴቶች» ተብሎ በተከፈለ ቤት ውስጥ ሚስት ባሏን ይዛ የት ትግባ? ስለዚህ ጎልድስሚዝ ጾታ የማይለይ፣ ለብቻው የሚከፈት ክፍል እንዲኖር ተከራከረ። ዛሬ በብዙ አገር የምናየው ለብቻው የቆመ ክፍል የዚህ ሐሳብ ውጤት ነው።

ሕጉ ግን ለማምለጫ ቀዳዳ አላጣም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የብሪታንያ ሕግ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዘዘ፤ ይህም «ሊሠራ የሚችልና ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ» ነው። አሠሪው «አልቻልኩም» ካለ ነገሩ አበቃ። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ የተቆለፉትን ክፍሎች ሁሉ የሚከፍት አንድ ወጥ ቁልፍ ለአካል ጉዳተኞች መስጠት ተጀመረ። መቆለፉ አልቀረም፤ ቁልፉ ግን ከጽዳት ሠራተኛ እጅ ወጥቶ ወደ ተጠቃሚው ኪስ ገባ። ቀላል ለውጥ አይደለም።

ያም ሆኖ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር። ራሱን ችሎ መቀመጥ የማይችል፣ ዳይፐር የሚቀየርለት አዋቂ ሰው። ለሕፃናት መቀየሪያ ጠረጴዛ አለ፤ ለእሱ ግን የለም። እናቶች የ20 እና የ30 ዓመት ልጆቻቸውን የመጸዳጃ ቤት ወለል ላይ አስተኝተው ይቀይሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 «ቼንጂንግ ፕሌስስ» የሚባለው ዘመቻ የተጀመረው ለዚህ ነው። የሚጠይቀው 12 ካሬ ሜትር ክፍል፣ ሰው ማንሻ መሣሪያና ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ በአዳዲስ ትልልቅ የሕዝብ ሕንፃዎች ግዴታ ሆነ። ከኑጀንት ስድስት ገጽ እስከዚህ 60 ዓመት ፈጅቷል። በየደረጃው የሆነው አንድ ነው፤ «አለቀ» የተባለው ልክ ያልተለካ ሰው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ሕግ የለም ማለት አንችልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36 ላይ የሕዝብ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ ይኑረው ብሏል። መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ ቁጥር ያለው ለእነሱ የሚመች ይሁን ይላል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች። «በቂ» የሚለው ቃል ግን የብሪታንያውን «ምክንያታዊ» ያስታውሰኛል። ለአሠሪው ስንት ነው በቂ? ለምልክቱ ነው ወይስ ለሰውየው?

ደግሞም እነ ኑጀንት የለኩት የእኛን ሰው አይደለም። እዚህ ዊልቸር መግዛት ያልቻለና በእጁ እየዳኸ የሚሄድ ሰው አለ። ለእሱ የእርጥብ ወለል ጉዳይ ከበሩ ስፋት ይብሳል፤ እጁን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። ብዙው ሽንት ቤታችን ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ምን ይሁን? ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካኑን ማን ያንሳለት? ዓይነ ስውሩ ቀዳዳው የት እንዳለ በምን ይወቅ? መስማት የተሳነው ሰው ውጭ ሲንኳኳ እንዴት ይስማ? ይህን ከማንም መመሪያ መገልበጥ አይቻልም። ጎልድስሚዝ እንዳደረገው ቁጭ ብሎ ሰዎቹን መጠየቅ ይፈልጋል። አሁን በአዲስ አበባ ከኮሪደር ልማቱ ጋር አዳዲስ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች እየተሠሩ ነው፤ ለመጠየቅ የሚሻለው ሰዓት ሲሚንቶው ሳይደርቅ ነው።

እኛ ቢሮ የሆነውን ልንገራችሁ። ሜትር አምጥተን በሩን ለካነው፤ 74 ሴንቲሜትር። ለሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፍን። መጥረጊያውና ወንበሩ ወጣ፤ አንድ ቁልፍ ለባልደረባዬ ተሰጠው። በሩን አስፍቶ ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረጉ ግን «ይታያል» ተብሏል። እስካሁን እየታየ ነው። ባልደረባዬም ቡና ሲፈላ አሁንም «ይቅርብኝ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ልኩን በትልልቅ ቁጥር የጻፈው እሱ ነው፦ 81።