ዘግይቶ የተሰማ ባንድ፦ የዋሊያስ ሙዚቃ ከምን አለሽ ተራ ሲታይ

በአገራችን ስለ ሙዚቃ የሚጻፍ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የዘፋኝ ታሪክ ነው። ማን ዘፈነው ይባላል እንጂ ኦርጋኑን ማን ተጫወተው፣ ባሱን ማን መታው፣ ሸክላውንስ ማን ከኪሱ አውጥቶ አሳተመው ተብሎ አይጠየቅም። እኛ በዚህች ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ከዘፋኙ ጀርባ ቆመው የነበሩትን ነው፤ በተለይም ዋሊያስ ባንድን። ይህ ባንድ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አዲስ አበባን ሲያስጨፍር የኖረ ነው። (በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእኛ ትውልድ ግን ያወቀው እጅግ ዘግይቶ፣ ያውም ባሕር ተሻግሮ ዞሮ ሲመጣ ነው። ለመሆኑ በገዛ ከተማችን የተሠራ ሙዚቃ በሌላ ሰው እጅ ዞሮ ሊደርሰን የቻለው ለምንድን ነው? ጠፍቶ ነበርን? ወይስ እኛ ነበርን የጠፋነው?

ነገሩን ለመመርመር የቆምንበት ቦታ ምን አለሽ ተራ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 በነበሩት ዓመታት፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲዞር የተቋቋመ ነው፤ ስሙም የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። በውስጡ ያሉት ተራዎች አብዛኞቹ በሚሸጥባቸው ዕቃ ይጠራሉ፤ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ እንደሚባለው። የምን አለሽ ተራ ስም ግን ጥያቄ ነው። ገበያተኛው መደብ ዘርግታ የተቀመጠችውን ሴት «ምን አለሽ?» ብሎ ከመጠየቁ የመጣ ነው ይባላል። ምን እንዳላት አስቀድሞ ማወቅ አይቻልማ! ቆራሌው ከየሰፈሩ እየጮኸ የለቀመው፣ ልዋጩ በሳህንና በብርጭቆ የለወጠው ሁሉ ማረፊያው እዚያ ነው። በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃ ይሆናል። የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። የጎበጠ ምስማር ተቃንቶ እንደገና ይሸጣል። እዚያ «ይህ አይረባም» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ስለ ተጣለና ስለ ተገኘ ነገር ለመናገር ከዚህ የተሻለ ስፍራ አላገኘንም።

ደግሞም መርካቶ ለሙዚቃችን ባዕድ አይደለም። ማሕሙድ አሕመድ በ1941 የተወለዱት መርካቶ ነው፤ በልጅነታቸውም ጫማ ጠርገው አድረዋል። ከዚያ ተነሥተው በ1960ዎቹ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ለመሆን በቁ። ይህ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የዘመናዊ ሙዚቃ በር የት እንደነበረ ያሳየናል። በሩ ያለው በመንግሥት ግቢ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ጀምሮ እስከ ክብር ዘበኛው፣ ፖሊስ ሠራዊቱና የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራዎች ድረስ፣ የናሱ መሣሪያም፣ አስተማሪውም፣ ደመወዙም የመንግሥት ነበር። ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ ለባሽ ወታደር ነበር ማለት ነው። ሸክላ ማስመጣትና ማሳተምም ቢሆን በ1948 በወጣ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተፈቀደ ሥራ ነበር።

ይህን አጥር መጀመሪያ የጣሱት አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ አምሃ ሬከርድስን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ሸክላቸውም የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ትእዛዙ ሳይሻር ነው ይህን ያደረጉት። ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር፤ እንደ ሕንድና ሊባኖስ ባሉ አገሮች። አቶ አምሃ በ1975 አገር ጥለው እስኪሄዱ ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጡ። እሳቸውን ተከትለው ሌሎችም ገቡበት፤ ካይፋ ሬከርድስን ያቋቋሙት አሊ አብደላ ካይፋ አንዱ ናቸው። እስከ 1978 ድረስ ባሉት 10 ያህል ዓመታት ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽ ሸክላዎች ታትመዋል። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንጠራው እንግዲህ ይህቺን አጭር ጊዜ ነው።

ዋሊያስ ባንድ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። አባሎቹ የማንም ኦርኬስትራ ወታደሮች አልነበሩም፤ በሆቴልና በክበብ እየተጫወቱ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ነበሩ። በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሠርተዋል። ኦርጋኑን የያዙት ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን ሲጫወቱ ያደጉ ሰው ናቸው። ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ፣ ሳክስፎኒስቱ ሞገስ ሀብቴ፣ ባሲስቱ መላከ ገብሬ ከባልደረቦቻቸው ነበሩ። በ1977 በካይፋ የወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላቸው ዘፋኝ የሌለበት፣ የመሣሪያ ብቻ ሙዚቃ ነው። እስቲ ይህን ልብ እንበል! ግጥም በሚወድ ሕዝብ መካከል፣ ያለ ግጥም ሙሉ ሸክላ ማሳተም ድፍረት ነበር። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ሥራ የሚገኘውም እዚሁ ላይ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን እንደገና እንየው፤ 1977። አገሪቱ በቀይ ሽብር ትታመስ ነበር፤ ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ከተማው በጊዜ ይዘጋል። ሆኖም ጭፈራው አልቆመም፤ ሰው ከሰዓት እላፊው በፊት ወደ ክበቡ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥላል። ውጪ ጥይት፣ ውስጥ ሳክስፎን! አንዳንዱ ይህን እንደ ቅንጦት ይመለከተዋል። እኛ ግን እንዲህ በቀላሉ ልንፈርድ አንደፍርም። ደጅ መውጣት የተከለከለ ወጣት ሌሊቱን በምን ያሳልፍ? ዘፈን የሌለው ሙዚቃም ቢሆን ለሳንሱር የሚያስቸግር ነው፤ ቃል የለውምና ቀዩን እስክርቢቶ ምኑ ላይ ያሳርፉበታል?

በዚያው ሰሞን ሸክላው ቀረና ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በየሱቁ ይገለበጣል፤ በኪስ ተይዞ ክፍለ ሀገር ይገባል። ኃይሉ መርጊያ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠሩት «ወደ ሐረር ጉዞ» የወጣውም በካሴት ነበር። ይሁን እንጂ ካሴት የመበተን ኃይል እንጂ የመቆየት ኃይል የለውም። ክሩ ይላላል፣ ይጠመጠማል፣ ሻጋታ ይይዛል፤ ከቅጂ ላይ ቅጂ ሲገለበጥም ድምፁ እየደከመ ይሄዳል። ሽፋኑ ሲጠፋ የተጫዋቾቹም ስም አብሮ ይጠፋል። ያ ሙዚቃ በታክሲና በሻይ ቤት ሲሰማ የኖረ ቢሆንም፣ «የማን ነው?» ሲባል መልስ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1981 ዋሊያስ ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ጉዞው ሲያልቅ ግማሾቹ ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ግርማ በየነ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠሩ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አስማምተው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ፤ ኋላም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆኑ። ሙዚቃውን ግን አልጣሉትም። ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ኦርጋናቸውን ከመኪናቸው ሻንጣ አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ መሪውን የያዙት ጣቶች ምን እንደ ሠሩ ከየት ይወቅ!

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1984 የማሕሙድን ሸክላ ሰምተው ተነሡ። «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ታተመ፤ ከ1997 ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ቡዳ ሙዚክ በተባለ ድርጅት መውጣት ጀመረ። (ስሙ እኛን ያስደነግጠናል እንጂ እነሱ ዘንድ ትርጉሙ ሌላ ነው።) በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲገባ ጆሮ የሰጠው በዛ። በ2013 ደግሞ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን የ1985 የኃይሉ መርጊያ ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኙ፤ ባለቤቱን ፈልገው ደወሉ፤ በፈቃዳቸውም እንደገና አሳተሙት። «ቼ በለው» በ2014 ተከተለ። ኃይሉ መርጊያ ወደ 70 ዓመት ሲጠጉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጡ። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የ«ኢትዮፒክስ»ን 30ኛ ቅጽ ሠሩ።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። በመካከላችን ሁለት አስተያየት አለ። አንደኛው ወገን «ፈረንጅ ቅርሳችንን ወሰደ፤ ሸክላው ሁሉ ተለቅሞ ወጣ» ይላል። ሁለተኛው «እሱ ባያነሣው በስብሶ ቀርቶ ነበር፤ እናመስግነው» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ባሕር ዳር የተገኘው ካሴት ከመሬት አልተቆፈረም፤ እዚያው ከተማ፣ በሰው እጅ ነበር። ስለዚህ «ተገኘ» የሚለው ቃል ለአሜሪካዊው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለባሕር ዳር ሰው ግን ልክ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ፣ ካሴቱን ይዘን እያለን የአቀናባሪው ስልክ የት እንዳለ የጠየቀ ከመካከላችን አልተነሣም። መያዝና ማወቅ ለየቅል ናቸው። ዘግይቶ የመጣው ሙዚቃው ሳይሆን ጥያቄው ነበር።

ምን አለሽ ተራ የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው፤ ትምህርቱ ግን ሁለት ጎን አለው። አንደኛ፣ ምንም ነገር አይጣልም የሚለው ጥበብ የድኾች ጥበብ ነውና ልናከብረው ይገባል። ሁለተኛ፣ ዕቃው የሚድነው ሌላ ነገር በመሆን ነው። በርሜሉ ምድጃ ሲሆን በርሜልነቱ ይቀራል፤ ማንም አይጎዳም። የካሴት ማጫወቻ ሞተሩ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ ሲሸጥም ሌላ ማጫወቻ ይድናል፤ ይህም ደግ ነው። የተቀረጸ ክር ግን ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። ሌላ ድምፅ ሲቀዳበት የፊተኛው ይሞታል። ስለዚህ ገበያው ሁሉን ያድናል ብለን እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥ ተሳስተናል፤ ብረትን የሚያድን ጥበብ ድምፅን አያድንም። ድምፅ የሚድነው ተገልብጦ፣ ተመዝግቦ፣ ስም ተጽፎበት ሲቀመጥ ነው።

ሕጉም ቢሆን የሚረዳው ስሙ ለታወቀ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. እንደ እኛ አቆጣጠር ወጥቷል፤ ለተዋንያንና ለሙዚቀኞችም መብት ይሰጣል። ነገር ግን በዚያ ካሴት ላይ ድራሙን የመታው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ መብቱን ማን ይጠይቅበታል? ኃይሉ መርጊያ ገንዘባቸውንም ክብራቸውንም ያገኙት ስማቸው ካሴቱ ላይ ስለነበረ ነው። ስሙ ያልተጻፈለት ጓደኛቸው ግን ቢደወልለትም አይገኝም።

ጊዜውም እየጠበቀን አይደለም። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ፣ የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመውና የዘፈነው፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ2021፣ አርፈዋል። ከእነሱ ጋር ስንት ሌሊት፣ ስንት የስቱዲዮ ጭቅጭቅ፣ ስንት ስም አብሮ ሄደ! የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን የምንል ሁሉ ሥራችን ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው። ትልቅ ገንዘብም አይጠይቅም። በየቤታችን ያለውን ካሴት ቆራሌ ሳይወስደው እናውጣ፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን እንገልብጥ፤ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን «ባንዱ የማን ነበር? የት ነበር የሚጫወተው? ከበሮው ላይ ማን ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱን ከነዓመቱ በደብተር እንጻፍ። የመደቧ ባለቤት «ምን አለሽ?» ስትባል ያላትን አንድ በአንድ ታውቃለች። እኛም ያለንን ቆጥረን እንወቅ።