የኩፓት ሆሊም ካርዳችን ከየት መጣ?

ኪሳችን ውስጥ ያለችውን የኩፓት ሆሊም ካርድ የወለዳት ትልቅ የፖለቲካ ጠብ ነው። ብዙ ወላጆቻችን በሰሎሞን ዘመቻ ሲገቡ፣ በፈረንጆች 1991 ማለት ነው፣ የጤና መድን በዚህ አገር ገና የሁሉም ነዋሪ መብት አልነበረም።

ትልቁ ኩፓ ክላሊት በ1911 ተቋቁሞ፣ በኋላ በሂስታድሩት እጅ ገባ። የክላሊት አባል ለመሆን የሂስታድሩት አባል መሆን ግድ ነበር። ከ1937 ጀምሮ አባሉ አንድ መዋጮ ይከፍላል፤ ከፊሉ ለሕክምና፣ ከፊሉ ለማኅበሩ ይሄዳል። እንግዲህ ስንቱ ሰው ለሠራተኛ ማኅበር ፍቅር ኖሮት ሳይሆን "ልጄ ቢታመምስ" ብሎ ተመዝግቧል! ሌሎቹ ኩፓዎች ወጣትና ጤነኛ መምረጥ ይችሉ ነበር፤ ሽማግሌውና በሽተኛው ክላሊት ላይ ይወድቃል፣ ክላሊትም በዕዳ ይሰምጣል። ከሕዝቡ ወደ 5 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ጭራሽ መድን አልነበረውም።

በ1988 በዳኛ ሾሻና ነታንያሁ የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1990 መድኑ በሕግ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ይሁን አለ። ሐሳቡን ይዞ የተነሳው የራቢን መንግሥት የጤና ሚኒስትር ሃይም ራሞን ነው። የሚገርመው፣ ብርቱው ተቃውሞ የመጣው ከገዛ ፓርቲው ከአቮዳ ነው። ክላሊት ከሂስታድሩት ከተለየ መዋጮው ይቀራል፣ መዋጮው ከቀረ ሂስታድሩት ይደክማል፣ እሱ ከደከመ ፓርቲውም አብሮ ይደክማላ! በ1994 መጀመሪያ ራሞን ጓዶቹን በጉባኤ ፊት፣ ራሳቸውን ወደ ባሕር ዳር ወርውረው ከሚሞቱ ዓሣ ነባሪዎች ጋር አመሳሰላቸው። አልሰሙትም። ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በሜይ ወር በራሱ ዝርዝር ለሂስታድሩት ተወዳድሮ የአቮዳን ዕጩ አሸነፈ። ክኔሴት ሕጉን በጁን አጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ የጤና ግብሩን የሚሰበስበው ቢቱዋህ ሌኡሚ ነው፤ ገንዘቡ ለየኩፓው እንደ አባላቱ ብዛትና ዕድሜ ይከፋፈላል። "አርጅተሃል፣ ስኳር አለብህ" ብሎ ነዋሪን መመለስ ክልክል ነው። ወላጆች ይህን ልብ በሉ፦ ኩፓ መቀየርም መብት ነው፤ ማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልግም።

ክርክሩ ግን አላበቃም። በ1997 አሠሪዎች ለጤና ይከፍሉት የነበረው ግብር ቀረ። በ1998 ደግሞ፣ ከበጀቱ ጋር ተጣብቆ በሚወጣው ሕግ በኩል፣ ኩፓዎቹ ከበሽተኛው ተጨማሪ ገንዘብ እንዲያስከፍሉ ተፈቀደ። ዛሬ ስፔሻሊስት ዘንድ ስንሄድ የምንከፍላት ሼቄል የመጣችው ከዚያ ነው።